በወጣህበት ማርሽ ውረድ

አባቴ መኪና መንዳት ሲያስተምረኝ፣ ገና ሞተሩን ሳላስነሳ የነገረኝ አንድ ሕግ ነበር። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።» በሁለተኛ ከወጣህ በሁለተኛ ትወርዳለህ። ፍሬን መኪና ማቆሚያ እንጂ መኪና ማውረጃ አይደለም። ይህን የተማረው ጣርማ በር ላይ ነው። የጫነ ኤንትሬ ይዞ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሷል፤ መጀመሪያ በረዳትነት፣ በኋላ በሾፌርነት።

እኔ ሕጉን የረሳሁት ባለፈው ሰኔ፣ ጣሊያን አገር፣ ስቴልቪዮ በሚባል ተራራ ላይ፣ ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽ ቀይ ማዝዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

የምኖረው ሙኒክ ነው። ሶፍትዌር እጽፋለሁ፤ ማለትም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። የዚያን ሰሞን አንድ ከባድ ፕሮጀክት ጨርሰን የአራት ቀን እረፍት ተሰጠን። ጓደኞቼ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ እኔ መኪና ተከራየሁ። ለአንድ ተራራ ብሎ ስፖርት መኪና መከራየት ቅንጦት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለአባቴም ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኩት። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲወራልኝ ያደግሁት የተራራ መንገድ ነው። አንድ ቀን፣ ጭነት ሳይኖር፣ የሚጠብቅ ነጋዴ ሳይኖር፣ ለመንዳት ብቻ ልንዳ አልኩ።

መኪናዋ ኤምኤክስ-5 ትባላለች። ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሪያቸው የሚከፈት፣ ቀላል፣ ርካሽ የሚባሉ ትናንሽ ስፖርት መኪኖች ይሠሩ ነበር። ደስ የሚሉ መኪኖች ነበሩ፤ ችግራቸው ዘይት ማንጠባጠባቸውና ጠዋት አልነሳም ማለታቸው ነው። ማዝዳዎች ሐሳቡን ወሰዱና ጠዋት የምትነሳ አደረጓት። እስከ 2016 ድረስ ከሂሮሺማ አንድ ሚሊዮኗ ተሠርታ ወጣች። ጉልበቷ ብዙ አይደለም። ክብደቷ ግን አንድ ቶን ገደማ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ኩርባ ላይ የምትታዘዘው። ሠሪዎቿ የሚመሩበት የጃፓንኛ አባባል «ጂንባ ኢታይ» ይላል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ እንደማለት ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም።

*

ስቴልቪዮ ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ነው። ከሰሜን ምሥራቅ፣ ፕራቶ ከምትባል መንደር ተነስታችሁ ስትወጡ 24 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ርቀት 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላላችሁ። ይህን የሚያስችሉት ወደ መጣችሁበት አቅጣጫ የሚመልሷችሁ 48 ኩርባዎች ናቸው። እያንዳንዱ ኩርባ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ወደ ታች ነው የሚቆጥረው። ከታች 48 ብሎ ይጀምርና ጫፍ ላይ 1 ይላል። ለእኔ ቢጤ ይህ ያው ወደ ዜሮ የሚወርድ ሉፕ ነው። ለሚወጣ ሰው ግን ሌላ ነገር አለው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ገደሉ ይጨምራል።

መንገዱን የቀየሰው ካርሎ ዶኔጋኒ የሚባል መሐንዲስ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1820 ተጀምሮ በ1825 ተከፈተ። ልብ በሉ፤ ዲናሚት ገና አልተፈለሰፈም። ተራራው የተቆረጠው በባሩድ፣ በመዶሻና በሰው ትከሻ ነው። ብልሃቱ ሁሉ ያለው በልውውጡ ላይ ነው። ተዳፋቱን በቀጥታ እንውጣ ቢሉ ፈረስ አይችለውም፤ ስለዚህ ርዝመት ይከፍላሉ፣ በምላሹ ለስላሳ ዳገት ያገኛሉ። አማካይ ዳገቱ ከመቶ 7.4 ነው። ሠረገላ ለሚጎትት ፈረስ የታሰበው ልክ፣ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ለእኔ ማዝዳ ሁለተኛ ማርሽ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ያልጠበቅሁት ግን የአሠሪውን ማንነት ነው። እኔ ስቴልቪዮን «የጣሊያን መንገድ» ነበር የምለው። አይደለም። ያሠራው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ነው። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1815 ሚላኖና አካባቢዋ ለኦስትሪያ ተሰጡ። ቪየና ያገኘችውን እንዳታጣ ጦሯንና ፖስታዋን የምታሳልፍበት አጭር መንገድ ፈለገች፤ ተራራውን ቆረጠች። በአጭሩ፣ ጣሊያኖችን ለመያዝ የተሠራ መንገድ ነው።

ከዚያስ? መንገዱ ከተከፈተ 34 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1859፣ ኦስትሪያ ሚላኖን አጣች። መንገዱ ወደ ጠላት የሚወስድ መንገድ ሆኖ ቀረ፤ የተራራው ጫፍም ድንበር ሆነ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እዚያው አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በበረዶ ውስጥ ዋሻ እየቆፈሩ ተዋጉ። ጦርነቱ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1919 ጣሊያን የሰሜኑንም ወገን ወሰደች። አሁን መንገዱ ጣሊያንን ከጣሊያን ጋር ያገናኛል፤ የተሠራበት ምክንያት ጠፍቶ መንገዱ ብቻ ቀርቷል።

ፕራቶ ውስጥ ቡና ልጠጣ ገብቼ ያዘዝኩት በጀርመንኛ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት እሱን ነው፤ ምልክቱም ሁሉ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የእነዚህን ሰዎች የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች ዘጋ፤ የመንደሮቻቸውን ስም ወደ ጣሊያንኛ አስቀየረ። ማይጨው ላይ ከዘመተብን ጦር መካከል ደግሞ ፑስቴሪያ የሚባል የተራራ ክፍለ ጦር ነበር። ፑስቴሪያ እዚያው ክልል ውስጥ ያለ ሸለቆ ስም ነው። ስሙን ካርታ ላይ ሳየው ቡናዬን አስቀመጥኩ። ለመዝናናት የመጣሁበት አገር የእኛን ታሪክ ያውቀዋል ለካ።

*

ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ። 48፣ 47፣ 46። መጀመሪያ ጥድ ነው፤ ከዚያ ጥዱ ያልቅና ድንጋይና ሣር፣ ከዚያ በረዶ ይታያል። ሁለተኛ ማርሽ፣ ኩርባው ላይ መሪውን እስኪያልቅ መጠምዘዝ፣ ሲቃና ነዳጅ መስጠት፣ ሦስተኛ፣ ፍሬን፣ እንደገና ሁለተኛ። ሃያ ያህል ኩርባ ካለፍኩ በኋላ እጄና እግሬ ሳላስብ መሥራት ጀመሩ። ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁም ልብ ይመታል፤ ትንሽ መኪና ውስጥ ስትሆኑ መሬቱ ቅርብ ነው፣ ገደሉም ቅርብ ነው።

በአፌ የማወራው ለራሴ ነበር። «ፍሪሲዮን… ማርሽ… ቀስ… ፍሬን።» የአባቴ ድምፅ ነው። ሠላሳኛው ገደማ ላይ ሳቄ መጣ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን አገር ገብቼ በጣሊያንኛ እየነዳሁ ነው፤ ያውም አማርኛ እየመሰለኝ። አባቴ የጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አያውቅም። መኪና ፈትቶ ሲገጥም ግን ከሚናገረው ቃል ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።

እነዚህ ቃላት እንዴት መጡ? ከፊሉ ከአስመራ ጋራዦች፣ ከፊሉ ከአምስቱ ዓመት፣ ከፊሉም ከጦርነቱ በኋላ አገራችን ከቀሩት መካኒኮችና ከፊያት መኪኖች ጋር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙ በሳምንታት ውስጥ ሙሶሊኒ የመንገድ ሥራ ዕቅድ አጸደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከተሞቹን ይዘዋል፤ ገጠሩን አልያዙም። አርበኛው ጫካ ነው። መድፍና ስንቅ ቶሎ የሚያደርስ መንገድ የሌለው ወራሪ በየከተማው የታሰረ ወራሪ ነው። ስለዚህ በችኮላ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር ሠሩ።

ከዚያ ውስጥ ነው ጣርማ በር። ከአዲስ አበባ 180 ኪሎሜትር ያህል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ 600 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከወዲህ ብርዱ የሚቆረጥም ደጋ፣ ከወዲያ ወደ ደብረ ሲና የሚጠማዘዝ ቁልቁለት። ጣሊያኖቹ ዋሻውን በሙሶሊኒ ስም ጠሩት። አባቴ ስለዚህ ዋሻ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። «መሐንዲስ ማለት እነሱ ናቸው» ይላል። እኔ ምሕንድስና የተማርኩት በዚህ ወሬ ነው ብል አልዋሽም።

አያቴ እምዬ ግን ሌላ ነበረች። አንድ ጊዜ ልጅ ሆኜ ሦስታችን አብረን ስንጓዝ፣ ዋሻው አፍ ስንደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ብርሃን እስክናይ አልገለጠችውም፤ አንድ ቃልም አልተነፈሰች። አባቴ በሹክሹክታ «ጨለማ ትፈራለች» አለኝ። እሱ እንደዚያ ብሎ ነው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ጠየቅኋት። ጨለማ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ አርበኛ ነበር፤ በጣሊያን መንገድ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ከሚያደቡት ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። አጎቷ ደግሞ ለቀን ሙያ ብሎ እዚያው መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። አንዱ የፈለጠው ድንጋይ ላይ ሌላው ደሙ ፈሰሰ። አንድ ቤት ናቸው፤ አንድ ገበታ በልተዋል። «ለማንኛቸው ልዘን?» አለችኝ። «ስለዚህ ፊቴን እሸፍናለሁ።»

ይህን ለአባቴ ስነግረው ተቆጣ። በእሷ አይደለም፤ በእኔ። «አሁን መንገዱን ልጥላው ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ጣርማ በር ብዙ አላወራንም። እምዬም ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች።

*

«ጣሊያን እኮ መንገድ ሠራልን።» ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ቢራ ላይ ይባላል። አንዱ ይህን ሲል ሌላው የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት፣ የመርዝ ጋዙን ይጠራል፤ ከዚያ ጠብ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ስቴልቪዮ ላይ ግን የነገሩ ጥፋት «ሠራ» የሚለው ላይ ሳይሆን «ልን» የምትለው ትንሽ ቃል ላይ መሆኑ ገባኝ። ሠርተዋል፣ እውነት ነው። ለእኛ ግን አልሠሩም። ኦስትሪያም ለሚላኖ ሰው ብላ ተራራ አልቆረጠችም።

ደግሞስ የተራራ መንገድ በእነሱ ነው የተጀመረው ያለው ማነው? አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይዘው ሲሄዱ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በየት በኩል ሊያልፍ ነው? መንገድ አልነበረም። ሠሩ። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ እያነሱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየቆረጡ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ስቴልቪዮን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዶኔጋኒ ከኋላው አንድ ትልቅ መንግሥትና ሰላም ነበረው። ቴዎድሮስ አገሩ ከድቷቸው፣ የእንግሊዝ ጦር ከባሕር እየመጣባቸው ነው የሠሩት።

መጨረሻውን ታውቃላችሁ። ግን የማይነገር አንድ ነገር አለ፤ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ለመድረስ ከዚያ መንገድ ከፊሉን ተጠቀመበት። ንጉሡ ለመድፋቸው የቆረጡት መንገድ ጠላታቸውን አመጣ።

ጣሊያኖችም እንደዚያው ሆነባቸው። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ አርበኞች እየተቀላቀሉት፣ ደሴን የያዘው እነሱ በቀየሱት መንገድ ሽቅብ ነው። በግንቦት ወር አምባላጌ ላይ የጣሊያኑ እንደራሴ እጁን ሰጠ። አርበኛ ለማጥፋት የተሠራ መንገድ እነሱኑ ማስወጫ ሆነ።

በሥራችን «ሌጋሲ ኮድ» የምንለው ነገር አለ። አንድ የማታውቁት ሰው ጽፎት የሄደ፣ ዛሬ ግን ሲስተሙ ሁሉ የቆመበት። አትወዱት ይሆናል። አጥፍታችሁ ልትጥሉት አትችሉም። የጸሐፊው ስም እላዩ ላይ ስላለ ብቻ ግን የእሱ አይደለም፤ በየሌሊቱ ተነስቶ የሚጠግነው ሰውም ድርሻ አለው። ከጦርነቱ በኋላ መንገዶቻችን እየፈራረሱ ነበር። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ አገራችን ከዓለም ባንክ የተበደረችው የመጀመሪያ ብድር ውስጥ የመንገድ ብር አለበት። የአባቴ ጣርማ በር በአምስት ዓመት ተሠርቶ ያለቀ አይደለም። በየክረምቱ ናዳ ሲጠርግ የኖረ፣ አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ ሠርቶታል።

*

ጫፍ ላይ ደረስኩ። ቋሊማ የሚሸጥበት፣ ሞተረኞችና ብስክሌተኞች የሚተራመሱበት ቦታ ነው። ፎቶ ተነሳሁ። ደስታው ናላዬን አዙሮት ስለነበር ወደ ቦርሚዮ ስወርድ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነው። ሳላውቀው ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ማንም የፊዚክስ ተማሪ ይሠራዋል። ከእኔ ጋር 1,150 ኪሎ ብንል፣ ከጫፍ እስከ ቦርሚዮ 1,500 ሜትር ያህል መውረድ 17 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኃይል ነው። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በዝቅተኛ ማርሽ ከወረዳችሁ ብዙውን ሞተሩ ይይዝላችኋል። ካልሆነ ግን ሁሉም እጅ የምታህል የፍሬን ሸራ ላይ ያርፋል። የጫነ ኤንትሬ ይህንን ከአስር እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ጣርማ በር ሥር ገደል ውስጥ ያደሩት መኪኖች ሾፌሮች ፊዚክስ ስላላወቁ አይደለም፤ አንዳንዴ ፍሬኑ ያረጀ ነበር፣ አንዳንዴ ሰውየው ሦስት ሌሊት አልተኛም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ነገር። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ረገጥኩት፤ ከወትሮው ጠለቀ። ቀጣዩ ኩርባ ከፊቴ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ምንም የለም። ሁለተኛ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያ አንደኛ። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ዘገየች። ኩርባውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ሰፋ ያለ ጥግ አግኝቼ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ ይህንንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ማርሽ አስገብቼ ወጣሁና ድንጋይ ፈልጌ ጎማው ሥር ከተትኩ። በብስክሌት የሚወጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ። ድንጋዩን አዩ፣ ሽታውን አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍሬኒ» አሉ። «ሲ፣ ፍሬን» አልኩ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የገባኝ «ማርቻ» የሚለው ብቻ ነው። እጃቸውን ወደ ታች እያደረጉ ደገሙት። ማርሽ፤ ዝቅተኛ ማርሽ። ለካ ሊነግሩኝ የፈለጉት የአባቴን ሕግ ነው።

ፍሬኑ እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለአባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ኦስትሪያውን፣ ሽማግሌውን፣ ቃላቱን። «አባዬ፣ ያንን ሕግ ማን ነው ያስተማረህ?» አልኩት።

«ረዳት ሆኜ የሠራሁለት ሾፌር።»

«እሱንስ?»

ዝም አለ። «ኮምቦልቻ ጋራዥ የነበረው ጣሊያን ይሆናል። ማን ያውቃል።» ትንሽ ቆየና «እናቴ ይህን ብታውቅ እኔንም ነጠላ አልብሳ ነበር የምታየኝ» አለ። ስለ እሷ ነጠላ ሲያነሳ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጨለማ ነው አላለም። «ሁለቱንም ስም ታውቀዋለህ?» ሲል ጠየቀኝ፤ የወንድሟንና የአጎቷን። አላውቀውም ነበር። ነገረኝ። የወንድሟን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ድንጋይ የፈለጠውን፣ ቀስ ብሎ፣ እንድጽፈው። እነዚህን ሁለት ስሞች ስልኬ ላይ የጻፍኩት ስቴልቪዮ ተራራ ላይ ነው።

«አሁን ፍሬንህ ቀዝቅዟል?» አለ።

«ቀዝቅዟል።»

«ፎቶውን ላክልኝ።»

ከጫፍ የተነሳሁትን ላክሁለት፤ እኔ፣ ቀይዋ መኪና፣ በረዶው። «ይህን አይደለም፤ ጎማውን» አለ። ጎማውን ከነድንጋዩ ላክሁለት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ።

«ታኮው ትንሽ ነው።»